«ስለ ምርጫው ጠይቁኝ» ሲለኝ ጠየቅኩት

ሰሞኑን ምርጫውን መሳቢያ ያደረገ አንድ ካፌ ገብቼ ነበር። በቡናው ልጀምር፤ እሱ አያጣላም። ማኪያቶው ትኩስ እንደሆነ መጣ፣ ወተቱም አልበዛበትም። የእንቁላል ሳንዱቹ ዳቦ ጠዋት የተጋገረ ነው፣ ሲቆረስ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል። ጨው ትንሽ በዝቶበታል። ስለ ምግቡ ይኸው ነው።

ሌላው ሁሉ ምርጫ ነው። በሩ ላይ የመራጮች ምዝገባ መቼ እንደሚያበቃ፣ ምን መታወቂያ መያዝ እንደሚያስፈልግ በትልቁ ተለጥፏል። ይሄ ተመችቶኛል። ቀኑን ረስቼው ስለነበር እዚያው በር ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ያዝኩት።

ነገሩ የሚበላሸው ሂሳብ መክፈያው ጋ ነው። ስትከፍሉ ገንዘብ ተቀባይዋ አንዲት የቡና ፍሬ መዳፋችሁ ላይ ታስቀምጣለች። ፊታችሁ ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል፣ በላያቸው ደግሞ «የቤት ኪራይ ጣሪያ ይበጅለት?» የሚል ጽሑፍ። አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይ»። ጨዋታ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፎ ያያል። ፍሬዋን ስጥላት ቀጭ አለች። ቀጥሎ የቆመው ሰውዬ «እህ…» አለ። አከራይ ይሁን ተከራይ እንጃ። ያቺ «እህ» ግን ከሳንዱቹ ጨው በላይ አፌ ላይ ቀረች። ድምፅ በመጋረጃ ጀርባ የሚሰጠው እኮ ለዚህ ነው! አሜሪካ ውስጥ ሰቨን ኢለቨን የሚባለው የሱቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሰሞን ደንበኞቹን በሰማያዊ (ለዴሞክራቱ ዕጩ) እና በቀይ (ለሪፐብሊካኑ) የቡና ኩባያ ያስመርጥ ነበር። እዚያ ግን መናገር ያልፈለገ ተራውን ኩባያ አንስቶ ይሄድ ነበር። እዚህ ፍሬዋን ይዤ ብወጣ ደግሞ ሌባ ልመስል ነው።

ማስታወቂያም አለ። በምርጫው ቀን መምረጡን በጣቱ ቀለም ላሳየ ቡና በነጻ ይላል። ሐሳቡ ቅን ነው፣ ግን ጠበቃ ቢያዩበት አይከፋም። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የካፌ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲሁ ለመረጠ ሰው ነጻ ቡና ብሎ አስነግሮ ነበር። ለድምፅ ሰጪ ስጦታ መስጠት በአገሩ ሕግ እንደሚያስጠይቅ ሲነሳበት ለጠየቀ ሁሉ ቀዳ።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን አስተናጋጁ ነው። ገና ወጣት ነው፣ ሥራው ቀልጣፋ፣ ደረቱ ላይ «ስለ ምርጫው ጠይቁኝ» የሚል ባጅ አድርጓል። ጠየቅኩት።

«አንተስ ስንት ሰዓት ላይ ልትመርጥ ነው?»

ሳቀ። «የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። በነጻው ቡና ምክንያት ሰው ይበዛል ተብለናል።»

ባጁን ያደረገው ፈልጎ እንደሆነም ጠየቅኩት። ወደ ባንኮኒው ገልመጥ አለና «ሳንዱቹ እንዴት ነው?» አለኝ። ገባኝ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ቡና ቀጂዎቹ ከደንበኛ ጋር ወሬ እንዲጀምሩ ኩባያ ላይ ስለ ዘር ጉዳይ እንዲጽፉ አበረታቶ በሳምንት ገደማ ጽሕፈቱን አስቁሟል። የክርክሩን ጣጣ ባንኮኒው ጋ የሚቀበለው አለቃው አይደለም።

ባለቤቶቹ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፓታጎንያ የተባለው የልብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በምርጫው ቀን አሜሪካ ያሉ ሱቆቹን ዘግቶ ሠራተኞቹ ሄደው እንዲመርጡ የዕረፍት ቀን ሰጥቷል። እናንተ መዝጋት ከከበዳችሁ ፈረቃ አውጡ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ተዉት፣ ፍሬዎቹን ቁሉና አፍሏቸው።

ለጊዜው ሦስት ኮከብ። አራተኛዋን ልጁ ቀለም የነካው ጣት ሲያሳየኝ እጨምራለሁ፤ ቡናዬንም ያን ቀን ከፍዬ ነው የምጠጣው።