ቪትዝ ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ኪሎ ሜትሩ 40 ብር

ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳር ቤት አደባባይ ልደርስ ስል ከኮፈኑ ሥር ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ። ጭስ አልነበረም፣ እንፋሎት ነው። ቀዩ የሙቀት መብራት በርቷል። መቼ እንደበራ አላውቅም፤ ዓይኔ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ላይ ነበር። ከኋላዬ ክላክስ ይጮኻል። አንድ ሽበታም ባለታክሲ ወርዶ መጣና «እህቴ፣ አጥፊው፣ አጥፊው! የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ!» አለኝ። አጠፋሁት። ከዚያ ቀን በፊት ስለዚህች ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬ ብትጠይቁኝ ኖሮ ግማሽ ገጽ ምስጋና እጽፍላችሁ ነበር።

ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። የእኔና የመካኒኩ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ግቢ ውስጥ ከሥሯ እርጥብ ነገር አይቼ ወስጄለት ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ ጫፉ ላይ ያንጠባጥባል። አዲስ ቱቦ 1,800 ብር ነው። «እናቴ፣ ለምን ታወጪያለሽ፣ ማሰሪያውን ላጥብቀው፣ ዓመት ያስኬድሻል» አለኝ። እኔም 1,800 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የቁጠባ ሰው ነኛ!

ያ ትርፍ 47,000 ብር ሆኖ ተመለሰ። የሞተሩ ጋስኬት ተቃጥሏል። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። ዕቃውን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ይዤ ስመለስ «ኦርጅናል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ መካኒኩ በእጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሠራል» አለኝ። አይ መልስ! ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ መጎተቻ፣ የእጅ ዋጋ። መኪናዋ ዘጠኝ ቀን ጋራዥ ተኛች። ቱቦው በመጨረሻ ተቀየረ፣ ያው በ1,800 ብር።

ሥራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። መኪናዋን ከገዛሁበት ከጥቅምት 2017 ጀምሮ እያንዳንዱን ወጪ በደብተር እጽፋለሁ። ቤንዚን በቴሌብር ስለሚከፈል እሱ ከስልኬ አይጠፋም። ግን ጽፌ ጽፌ አንድም ቀን ለኪሎ ሜትር አካፍዬው አላውቅም። ከጋራዥ በተመለስኩ ማታ ነው ንዴቱ እንቅልፍ ሲነሣኝ ደብተሩን ያወጣሁት። ከዚያ መስከረም ላይ ዓመቱ ሲሞላ ሙሉውን ደመርኩት።

የሸጠልኝ ደላላ የነገረኝ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «እህቴ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን አትጠጣም፣ አሽታ ነው የምትሄደው።» እሺ፣ አሽታ ትሂድ። በዓመት 8,400 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ ከጀሞ በመካኒሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። በከተማ መጨናነቅ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሰጠችኝ። ስገዛት ቤንዚን ሊትሩ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር። ጥር ሲገባ 101 ከ47 ሆነ፣ ግንቦት ላይ 122 አለፈ። በድምሩ 76,000 ብር ግድም፤ ለኪሎ ሜትር 9 ብር። ደላላው እዚህ ድረስ አልዋሸም። ማደያ የተሰለፍኩበትን ሰዓት አልቆጠርኩበትም።

ግን ጌታው፣ መኪና ቤንዚን ብቻ ነው እንዴ የሚበላው? ሙሉ ኢንሹራንስ 29,000። ቦሎና ሦስተኛ ወገን 6,500። የቢሮ ፓርኪንግና የሰፈር ዘበኛ 24,000። ዘይትና ፊልትሮ ሦስት ጊዜ 16,500። ሁለት ጎማና ጎሚስታ 18,000። የፍሬን ሸራና የፊት እግር ቡሽ 14,300፤ የጀሞን የውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ ቡሹ አይጠይቀኝም። እጥበት 7,200። ያንን የተረገመ 47,000 ስጨምርበት 238,500 ብር መጣ። ለኪሎ ሜትር 28 ብር ከ40።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን መኪናዋን የገዛሁት በ1,450,000 ብር ነው። ገንዘቡ ባንክ ቢተኛ ኖሮ በትንሹ 7 በመቶ፣ በዓመት 101,500 ብር ይወልድ ነበር። እሱ ሲጨመር ድምሩ 340,000 ሆነ። ሲካፈል 40 ብር ከ48። ከቤቴ ቢሮ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ጉዞ 445 ብር። በዚህ ዋጋ የሰው መኪና በስልክ ጠርቼ ከኋላ ተቀምጬ እንቅልፌን እየለጠጥኩ መሄድ እችል ነበር። ለካ ዓመቱን ሙሉ የራሴ ሹፌር ነበርኩ፤ ያውም ያለ ደሞዝ።

ደላላው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ነሐሴ ላይ ደውሎልኛልና። «1.8 ሚሊዮን የሚሰጥ ገዢ አለኝ። በነፃ ነድተሽ 350 ሺህ አትርፈሻል እኮ!» እውነት ለመናገር ለአንድ ቀን ያህል ልቤን አሞቀው። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ፣ ብሩም ከተዳከመ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ዋጋው ወደ ላይ ነው። ሌላው አገር ሰው መኪናው በዓመት ስንት ከሰረ ብሎ ያሰላል፣ እኛ ስንት ጨመረ እንላለን። ግን ሸጬ ምን ልግዛ? ያችኑ ዓይነት መኪና በዚያው በ1.8 ሚሊዮን? ኪሴ የማይገባ ትርፍ ደብተሬ ላይ አይሰፍርም አልኩት። «አንቺ ሰው ግን ሒሳብ ታበዣለሽ» ብሎ ዘጋው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሦስት ወር ሙሉ ያኮረፍኩበት፣ ባለቤቴን ያሰለቸሁበት የጋስኬት ወጪ ከ40 ብሩ ውስጥ ድርሻው 5 ብር ከ60 ብቻ ነው። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ትልቁ ወጪ ዝም ያለው ነው፦ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ ፓርኪንጉ፣ የተቀመጠው ገንዘብ። እነዚህ ብቻቸውን 161,000 ናቸው። ብነዳት ባልነዳትም በቀን 441 ብር ቁጭ ብላ ትበላለች። ልቤ ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ያ 441 ብር አንድ ቀንም ከኮፈን ሥር እንፋሎት ሆኖ አልወጣማ! እኔ የምቆጨው በቱቦው ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ሌሊት 9 ሰዓት፣ እማዬን ትንፋሽ አጠራት። ዝናብ ነው። ስልክ ደውዬ መኪና እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ የሚለውን ማሰብ አልፈልግም። በአንድ ቁልፍ ተነሣች፣ ሆስፒታል ደረስን። ያንን ስድስት ኪሎ ሜትር በ40 ብር ላባዛው? ሳላባዛው ዘለልኩት፤ በደብተሩ ላይ ያለው ብቸኛ ባዶ መስመር እሱ ነው። እማዬ ደግሞ ሲሻላት የመጀመሪያ ቃሏ «ይቺ መኪናሽ ወንበሯ ወገቤን ጨረሰው» ነበር።

ሒሳቡን ካየሁ በኋላ ወጪ ለመቀነስ ብዬ በሳምንት ሁለት ቀን በታክሲ መሄድ ጀመርኩ። የወሩን ሳካፍል ኪሎ ሜትሩ ከ40 ወደ 47 ብር ወጣ! የቆመው ወጪ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ተከፋፈለና ነው። ጠቅላላ ያወጣሁት ቀንሷል፣ ግን የዚያች ቁጥር ከፍ ማለት ዓይኔን ወጋኝ። ለባለቤቴ ሳሳየው ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲያው ብዙ እንንዳትና ትርከስልሽ! ቅዳሜ ቢሾፍቱ ውሰጂን።»

ወሰድኳቸው። ከቱሉ ዲምቱ በኋላ በፈጣኑ መንገድ ላይ መስኮቱን ከፍተን፣ ቀይ መብራቱን በየደቂቃው እየሰረቅኩ እያየሁ፣ ደረስን። ዓሣ በላን፣ ሐይቁን አየን። ያን ቀን ኪሎ ሜትሩ እውነትም ረክሶልኝ ነበር። ስንመለስ ቃሊቲ ጋ ትንሿ ልጄ የበላችውን ዓሣ በሙሉ ከኋላ ወንበር ላይ መለሰችው። የወንበር እጥበት፣ 1,200 ብር፤ ማታውኑ ጻፍኩት።