ስምንት ወር ጣና ላይ፦ የጠላቂ ኮምፕረሰር ምኑ ያልቃል፣ እንዴት ይስተካከላል

ማሽኑ ጀልባ ላይ ሆኖ ውኃ ውስጥ ላለ ጠላቂ በቱቦ አየር የሚልክ ነው፦ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር በቺንጋ የሚያዞረው፣ ባለ ሁለት ፒስቶን ዘይት አልባ ኮምፕረሰር። 10 ሊትር የአየር ታንክ፣ 30 ሜትር ቱቦና ሁለት ሬጉሌተር (ጠላቂው አፉ ላይ ይዞ የሚተነፍስበት) አለው። ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሆድ ለመፈተሽና ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ መረብ ለመቁረጥ፣ ከ8 ሜትር ሳያልፍ 120 ሰዓት ያህል ሠርቷል። በአጭሩ፣ ለአንድ ጠላቂ ጥሩ ማሽን ነው። «ለሁለት ሰው» የሚለውን ጽሑፍ ግን ጣና ላይ አትመኑት።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። 8 ሜትር ላይ ተግቶ የሚሠራ ጠላቂ በደቂቃ 40 ሊትር ቢተነፍስ፣ የውኃው ግፊት አየሩን ስለሚጨምቀው ኮምፕረሰሩ ከላይ 78 ሊትር መሳብ አለበት፤ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 71 ይበቃ ነበር። ለሁለት ሰው 156 መሆኑ ነው። የማሽኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው በደቂቃ 170 ሊትር ደግሞ የአዲስ ማሽን ቁጥር ነው። ፋሻው (የፒስቶኑ ዙሪያ ማሸጊያ) ትንሽ ሲበላ ትርፉ አለቀ ማለት ነው። በየጥልቀቱ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የመጥለቂያ ሰንጠረዥም ለከፍታ የተስተካከለው መሆን አለበት፤ የባሕሩ አይሠራም።

ሞተሩም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል። ከ1,500 ሜትር በላይ የካርቡራቶሩ ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) በከፍታ ጂግለር ካልተቀየረ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ይህን እንደ ነዳጅ ብክነት ብቻ ማየት ስህተት ነው፦ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝም ያበዛል፣ ጭሱ የሚወጣው ደግሞ ጠላቂው ከሚተነፍሰው አየር አጠገብ ነው። ስለዚህ የአየር መሳቢያው ቱቦ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በላይ ከፍ ብሎ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቆማል። ጀልባዋ መልህቋ ላይ ከዞረች ቦታው ይቀየራል፤ ይህን የሚያይ ሰው ላይ መቅረት አለበት። የፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ከሰል ሽታ ይቀንሳል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። «ፊልትሮ አለን» የሚለው መተማመን ከሁሉ የከፋው ነው።

የቀረው የሞተር ሥራ ቀላል ነው፦ 0.58 ሊትር 10ደብልዩ-30 ዘይት፣ መጀመሪያ በ20 ሰዓት ከዚያ በየ100 ሰዓቱ መቀየር፤ የካንዴላ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር፤ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መግቢያው 0.15፣ መውጫው 0.20።

ብዙ ትኩረት የሚፈልገው ኮምፕረሰሩ ራሱ ነው። ፋሻው እንደ ሳህን የታጠፈ ቴፍሎን ሲሆን ደረቅ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ዘይትም ሆነ የዝገት ስፕሬይ አይነካውም፤ የተረጨው ሁሉ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ማለቁ የሚታወቀው ታንኩ የሚሞላበትን ጊዜ በመለካት ነው። ባዶው ታንክ 5 ባር እስኪደርስ አዲስ ሳለ 25 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ 100 ሰዓት ላይ 33 ገባ፣ ፊልትሮው ውስጥም ጥቁር ደቃቅ ዱቄት ተገኘ። ለመቀየር ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ የጭንቅላቱ ብሎኖች ይፈታሉ፣ አሮጌው ፋሻ ይወጣል፣ አዲሱ ከንፈሩን ወደ ላይ አድርጎ ይገባል። ሲሊንደሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በጥፍር መዳሰስ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም ፋሻ አይቆይም። ቀጭኑ የቫልቭ ምላስ ስንጥቅ እንዳለው በብርሃን ይታያል። ብሎኖቹ በመስቀል ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ 26 ሰከንድ ሆነ።

የሬጉሌተሩ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠላቂ በጀርባው ለሚሸከመው የአየር ሲሊንደር የተሠራ ሬጉሌተር 9 ወይም 10 ባር ግፊት ይጠብቃል፤ እዚህ የሚደርሰው ከ4 እስከ 5 ነው። ሞላው ስለሚከብድበት ጠላቂው አየር «ይጎትታል»፣ ቶሎም ይደክማል። ስለዚህ ለስላሳ ሞላ ገብቶለት ኮምፕረሰሩ እየሠራ መስተካከል አለበት፦ የሬጉሌተሩን አየር መልቀቂያ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ የአየር መግቢያውን ብሎን አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ማዞር፣ ለቅቆ ማዳመጥ። ቁልፉን ሳይጫኑ ማዞር የጎማውን መቀመጫ ይቆርጠዋል። ፉጨቱ እንደቆመ እዚያው ይቆማል፤ ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው የቫልቭ መክፈቻ ምላስ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢወዛወዝ ልክ ነው።

ሥራ ላይ የግፊት ጌጁን ማየት ይበቃል። መርፌው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ቀጣዩ ትንፋሽ ሳይመጣ መመለስ ካቃተው፣ ሁለተኛው ሰው ይወጣል። የትርፍ ግፊት ቫልቩን በማጥበቅ ይህን ማስተካከል አይቻልም፣ አይነካም።

በየቀኑ ማታ የታንኩ ውኃ ይፈሳል። ከኮምፕረሰሩ እስከ ታንኩ ያለው ቱቦ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ የሚወጣው አየር በጣም ይሞቃል፣ ተራ ጎማ ይሸታል፣ ይለሰልሳል።

ቅሬታ ያለን ማዕበል ላይ ነው። ሞተሩ ሲጋደል የዘይት መቆጣጠሪያው ሞተሩን ያጠፋዋል። ታንኩ ውስጥ የሚቀረው አየር 8 ሜትር ላይ አሥር ትንፋሽ ገደማ ነው፤ ጠላቂው ትንፋሹን ሳይዝ ለመውጣት እንኳ ጠባብ ነው። ማሽኑ ሲሸጥ ትንሽ የመጠባበቂያ ሲሊንደር አብሮ አይመጣም። ለብቻ ተገዝቶ ወገብ ላይ ይታሰራል።