«2015» የሚል ወይን ጠጅ የሦስት ዓመት አይደለም፦ ለድግስ በካርቶን የምትገዙ ተጠንቀቁ

ለልደት፣ ለሠርግ ወይም ለምርቃት የውጭ አገር ወይን ጠጅ በካርቶን ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኛ 13,800 ብር ከፍለን፣ አባታችን ሰባ ዓመት በሞላቸው ቀን በዘመድ ፊት ሆምጣጤ ቀድተናል።

አባታችን ትልቅ ድግስ አይወዱም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ «ስድስት ዓይነት ወይን ጠጅ እናቅርብ፤ ሰው ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ቀምሶ የወደደውን ይንገረን» ሲል ሁላችንም ተስማማን። አንድ የመጠጥ ነጋዴ «ለልደትና ለሠርግ የተመረጠ» እያለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቀውን ካርቶን ያገኘነውም ያን ጊዜ ነው። ከስድስት ዓይነት ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ጠርሙስ፤ አንዱ 1,150 ብር መሆኑ ነው። ወንድሜ ደውሎ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ሲጠይቅ «ያለ ደረሰኝ ስለሆነ ነው» ተባለ። ስለ ነጩ ወይን ሲጠይቅ ደግሞ «የ2015 ነው፤ ሦስት ዓመት ያደረ። ወይን ሲያድር እንደሚጥም ታውቃለህ አይደል?» የሚል መልስ አገኘ።

ማታለሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ በእርግጥ 2015 ይላል። ነገር ግን ወይን ጠጁ ሼኒን ብላን የሚባል የደቡብ አፍሪካ ነጭ ወይን ጠጅ ነው፤ ቁጥሩም ወይኑ የተለቀመበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በደቡብ አፍሪካ ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በእኛ ዘመን 2007 ማለት ነው። የሦስት ዓመት የተባለው ወይን ጠጅ አሥር ዓመት አልፎታል። ዛሬ 2018 ላይ ቆሞ «2015» የሚለውን ቁጥር የሚያይ ኢትዮጵያዊ ዓይኑ ወዲያው ሦስት ዓመት ይቆጥራል፤ ነጋዴውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

«ሲያድር ይጥማል» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ዓመታትን እያስቆጠሩ የሚሻሻሉት ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም በብዛት ውድ የሆኑትና በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ የተቀመጡት ናቸው። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ነጭ ወይን ጠጅና ሮዜ (ሐምራዊ ቀለም ያለው ወይን ጠጅ) የሚዘጋጀው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። በዚያ ላይ ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ የሚያልፍበትን መንገድ አስቡት። ጅቡቲ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ለወይን ጠጅ የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። በኮንቴይነር ውስጥ የከረመ፣ ከዚያም በቆርቆሮ መጋዘን ዓመታት የተደረደረ ጠርሙስ አላደረም፤ ተቀቅሏል።

የልደቱ ቀን ደረሰ። ቅደም ተከተሉን አስተካክለን ነበር፤ መጀመሪያ ደረቁ (ጣፋጭ ያልሆነው) ነጭ፣ ከዚያ ሮዜው፣ ከዚያ ቀያዮቹ፣ ጣፋጩ በመጨረሻ። ወንድሜ ነጩን ሲቀዳ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ይመስል ነበር። ደህናው ሼኒን ብላን ግን የገለባ ቀለም ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ጠጅ የጣሉት አክስታችን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «ይህማ ኮምጥጧል፤ ሰው አታጠጡ» አሉ ቀስ ብለው። አባታችን ግን ልጆቻቸው በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብለው የቀዳንላቸውን እስከ ታች ጨለጡት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁለተኛው የነጩ ጠርሙስም ያው ነበር። ሮዜው ወደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ተለውጦ ምንም ሽታ አልነበረውም። ከቀያዮቹ የሜርሎው ቡሽ ከመክፈቻው ጋር ተፈርፍሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሌላው ቀይ፣ ሺራዙ፣ የተቃጠለ ማርማላታ ይሸታል። ከስድስቱ ዓይነት ሰው ፊት የሚቀርቡት ሦስተኛው ቀይ ካቤርኔ ሶቪኞኑና ጣፋጩ ብቻ ሆኑ። ወንድሜ ሮጦ ከሰፈር ሱቅ የዝዋዩን ሪፍት ቫሊና ሁለት ጠርሙስ ጉደር ገዝቶ መጣ፤ በደረሰኝ። ቀኑን ያተረፉልን እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ካርቶኑን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጃችሁ ሳትይዙ አትክፈሉ። ቁጥሩን አንብቡ፤ የውጭ አገር ወይን ከሆነ የፈረንጅ ዓመት መሆኑን አትርሱ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ነጩ ሻይ ከመሰለ ተዉት። ወይኑ አንገቱ ላይ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከታየ አየር ገብቶታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ጣታችሁን በጫፉ ሽፋን ላይ አሳልፉ፤ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ካበጠ ወይም ከሽፋኑ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ሙቀት መትቶት ወይኑ ፈስሷል ማለት ነው። የአስመጪውን ስም ፈልጉ። ከሁሉም በላይ አንድ ጠርሙስ ቀድማችሁ ግዙና ቤታችሁ ቅመሱት። አንድ ጠርሙስ ለብቻው አልሸጥም የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የደረሰኙን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኛ በማግስቱ ስንደውል ነጋዴው «የትኛውን ወይን? ከእኔ መግዛታችሁን በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ዘጋብን። የረከሰልን የመሰለን ዋጋ የመጠየቂያ መብታችን ዋጋ ነበር። ያም ሆኖ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የመልእክት ልውውጡንና ያልተከፈቱትን ጠርሙሶች ይዘን ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል፤ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ እናንተም ያላችሁን ማስረጃ ይዛችሁ አመልክቱ።

ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋትም አልወረደም። ያው ካርቶን፣ ያው 13,800 ብር፣ ከፊት የቆመውም ያው ነጭ ጠርሙስ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ብታዩት 2015 የሚለው ቁጥር ይነበባል።