ፔትዝል ስቶፕ በከርሰ ምድር ወንዝ ዋሻ፦ «ቁም» ሲሉት ይቆማል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን የገመድ መውረጃ ስም ያወጣው ግን ደረቅ ገመድ ላይ የሞከረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ስቶፕ «ቁም» ማለት ነው፤ እጀታውን ሲለቁት ገመዱን ነክሶ ቀጥ ይላል። ንጹሕ፣ ደረቅና መካከለኛ ውፍረት ባለው ገመድ ላይ እውነትም ቀጥ ይላል። ውሃ በሚወርድበትና ሸክላ ጭቃ በተለቀለቀ ቀጭን ገመድ ላይ ግን «ቀስ በል» ቢባል ይቀርበዋል። እዚህ የሚገመገመው በዚያኛው ቦታ ነው፦ በበሃ ድንጋይ ተራራ ሆድ ውስጥ ወንዝ ተከትሎ በሚወርድ፣ ገደሉ ሁሉ ፏፏቴ በሆነ ዋሻ።

ዕቃው ለዚህ ዓይነት ቦታ እንግዳ አይደለም። ዕቃውን የሚሠራው የፔትዝል ድርጅት መሥራች ፌርናንድ ፔትዝል ዋሻ አሳሽ ነበር፤ ከፒየር ሸቫሊዬ ጋር ሆኖ በፈረንሳይ ዳን ደ ክሮል የተባለውን የበሃ ድንጋይ ተራራ ውስጥ ለውስጥ ሲፈትሽ ከቆየው ቡድን አንዱ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1947 658 ሜትር ጥልቀት አስመዝግቧል፤ በዘመኑ ከታወቁት የዓለም ዋሻዎች ሁሉ ጥልቁ ይህ ነበር። የስቶፕ ባሕርይ የዚያን ዓይነት ዋሻ ይመስላል። አጫጭር ገደሎች በተደረደሩበት፣ ገመዱ በየመሐሉ እንደገና ከግድግዳ ጋር በሚታሰርበት፣ ወራጁም በየጥቂት ሜትሩ ዕቃውን ፈቶ መልሶ በሚያስገባበት ቦታ እጅ ላይ ይቀላል። ለአንድ ረጅም፣ ወጥ ጉድጓድ ግን ተመራጭ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለት የጎን ሳህኖች መካከል ሁለት ቦቢኖች፣ ማለትም ገመዱ የሚዞርባቸው መንኮራኩር መሳይ ክፍሎች፣ አሉ። ከላይ የሚመጣው ገመድ በታችኛው ቦቢን ሥር ይዞርና በላይኛው አናት ላይ አልፎ ወደ ቀኝ እጅ ይወጣል። እጀታው ሲለቀቅ፣ የወራጁ ክብደት አንደኛውን ቦቢን አዙሮ ገመዱን ከሌላኛው ጋር ያጣብቀዋል። እጀታው ሲጨመቅ መያዣው ይላላል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ነፃውን፣ ማለትም ከመውረጃው የወጣውን፣ ገመድ የያዘው ቀኝ እጅ ነው፤ እጀታው ፍጥነት መቀነሻ አይደለም። ብዙ ጀማሪ በእጀታው ፍጥነት ሊመጥን ሲሞክር መጀመሪያ እየተንገጫገጨ ይወርዳል፣ ቆይቶ ደግሞ ይምዘገዘጋል።

ገመዱን ገልብጦ ማስገባት ይቻላል፤ ዕቃው አይከለክልም። ተገልብጦ የገባ ገመድ አይነከስም። ሥዕሉ በሳህኑ ላይ ተቀርጿል፣ ግን ጭቃ ከሸፈነው ማን ያነበዋል? ስለዚህ ሥዕሉን ማየቱ ብቻውን አያስተማምንም። ከወራጁ ወገብ የሚወጣው አጭሩ የደህንነት ገመድ ከማሰሪያው ላይ ሳይፈታ ክብደትን በስቶፑ ላይ ማሳረፍ፣ እጀታውን መልቀቅ፣ መያዙን በዓይን አይቶ ከዚያ መፍታት ነው። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስቶፕ እየሾለከ የሚወርደው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያለው ሞዴል ከ8.5 እስከ 11 ሚሊሜትር ገመድ ይቀበላል፤ የቀድሞው ከ9 እስከ 12 ነበር። የዘመቻ ቡድን ክብደት ለመቀነስ ሲል የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም የአዲሱ ሞዴል የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ የአሮጌው ደግሞ ድንበሩ ላይ ይወድቃል። ገመዱ አዲስ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣበት ቅባት ገና አልለቀቀም። ውሃው ያንሸራትታል፣ ሸክላው ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። በዚህ ላይ ቦቢኑ በልቶ ለስልሶ ከሆነ፣ ከወራጁ ወገብ ሥርም 12 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ከተንጠለጠለ፣ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተለቆ እንኳ ሰውዬው ቀስ እያለ ሲወርድ ይታያል። ብልሽት አይደለም። ነካሹ አፍ የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰበቃውን የሚቀንሱት ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ መጥተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ግዴታ ናቸው። አንደኛው የፍሬን ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ ማያያዣ ቀለበት) ነው። ፔትዝል ለዚሁ ብሎ ፍሬይኖ የሚባል፣ በጎኑ ገመድ የሚያልፍበት ቀንድ ያለው ካራቢነር ይሠራል። ተራ የብረት ካራቢነርም በቀኝ በኩል ተሰክቶ ነፃው ገመድ ከመውረጃው ወጥቶ በእሱ በኩል ወደ ላይ ታጥፎ ወደ እጅ ቢመጣ ሥራውን ይሠራል። የአሉሚኒየሙ አይመከርም፤ አሸዋ የያዘ ገመድ እንደ መጋዝ ቦይ ያወጣበታል። ሁለተኛው መቆለፍ ነው። ለመቆም የፈለገ ሰው፣ ለፎቶም ይሁን ከረጢት ለማስተካከል፣ ዕቃው ይይዘኛል ብሎ እጁን አያነሳም። ነፃውን ገመድ ወደ ላይ አዙሮ በተወጠረው ገመድና በመሣሪያው አናት መካከል ማጣበቅ ግማሽ ቁልፍ ነው። ከዚያ ላይ ጥምልል አውጥቶ መሣሪያውን በያዘው ካራቢነር ውስጥ አሳልፎ በመሣሪያው አናት ላይ ማጥለቅ ሙሉ ቁልፍ ነው። በጨለማ፣ በጓንት፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪሠራ ድረስ ከዋሻ ውጭ ይለመድ።

ተቃራኒው ችግርም አለ፣ ስለዚያ ግን ብዙ አይወራም። ያረጀ 10.5 ወይም 11 ሚሊሜትር ናይለን ገመድ ውሃ ሲጠጣ ያጥርና ይወፍራል፣ ሽፋኑም ጠጉር ያወጣል። እንዲህ ያለው ገመድ በስቶፕ ውስጥ አይሄድም፤ በእጅ እየጎተቱ ማጉረስ ነው። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ይብሳል። 9 ሚሊሜትር ገመድ በሜትር 50 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 50 ሜትር ደረቁን ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ወፍራሙ ረጥቦ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ያ ክብደት ከሥር ሲጎትት ልክ ሰው ፍሬን እንደያዘ ነው። ወራጁ እየወረደ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ገመድ ያጥራል፣ ፍሬኑም ይላላል። አናት ላይ ሲታገል የነበረው ሰው የመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች ላይ ሳያስበው ይፈጥናል።

ስለ ድንጋጤም መናገር ያስፈልጋል። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ያጠብቃል። በስቶፕ ላይ የያዙትን ማጥበቅ ማለት እጀታውን መጨመቅ፣ ማለትም ፍሬኑን መልቀቅ ነው። አንዳንድ ሌሎች መውረጃዎች እጀታው ከልክ በላይ ሲሳብም የሚይዙ ናቸው፤ ስቶፕ ከእነሱ አይደለም። ቀኝ እጅ ነፃውን ገመድ እስከያዘ ድረስ ግራ እጅ ቢሳሳትም ችግር የለም። ቀኝ እጅ ከለቀቀ ስሙ አያድንም።

በፏፏቴ ውስጥ የዕቃው ትልቁ ድክመት ይወጣል፦ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ግራው እጀታው ላይ፣ ቀኙ ገመዱ ላይ ሲሆን፣ ውሃው ፊትን ሲመታና ሰውነትን ሲያሽከረክር ግድግዳውን የሚገፋ እጅ አይተርፍም። ሥራው ሁሉ በእግር ይሆናል። ደግነቱ የዚህ መድኃኒት ከገመድ አሳሪው እጅ አለ። ገመዱ የሚታሰርበት ቡሎን ከውሃው መውረጃ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ርቆ ይመታል። ይህ ካልተቻለ ከታች ባለው ግድግዳ ላይ አጭር ማሰሪያና ካራቢነር ተደርጎ ገመዱ ወደ ደረቁ በኩል ይሳባል። ውሃ መውረጃው ላይ ቀጥ ብሎ የታሰረ ገመድ ላይ የየትኛውም ዓይነት መውረጃ ጥራት ወራጁን አይጠቅመውም። በብዙ ቀዝቃዛ ተራሮች የዋሻ ወንዝ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እዚያ ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ጣቶቹ የሚታዘዙለት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከመውረጃ ወደ መውጫ መሣሪያ ለመቀየር ደግሞ የሚያስፈልጉት ጣቶች ናቸው።

ገደሉ ሥር ገንዳ ካለ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እግር መሬት ካልነካ የገመዱ ውጥረት አይላላም፣ ያልላላ ገመድ ደግሞ ከስቶፕ ውስጥ አይወጣም። ዋናተኛው በግራው እጀታውን ጨምቆ በቀኙ ግማሽ ሜትር ያህል ማላላት አለበት፣ ይህን ሁሉ እየዋኘ። ከዚያ በኋላ ግን ስቶፕ ይክሳል፦ የጎኑ ሳህን ከካራቢነሩ ሳይነቀል ስለሚከፈት ገመዱ ይለቃል፣ ዕቃው ወገብ ላይ ይቀራል። ውሃ ውስጥ የወደቀ መውረጃ ተመልሶ አይገኝምና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የገመዱን ጫፍ በተመለከተ፣ ማቆሚያ ቋጠሮ ይኑረው፣ ትርፉ ግን አጭር ይሁን። ገንዳው ውስጥ አሥር ሜትር ትርፍ ከተጣለ ማዕበሉ ያሽከረክረውና ከእግር፣ ከከረጢት፣ ከድንጋይ ጋር ይተበትበዋል። ሲወጡ ደግሞ ያንኑ ትብትብ በብርድ የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል።

መካከለኛ ማሰሪያ ማለፍ ላይ ዕቃው ምንም አይወጣለትም። ማሰሪያው አጠገብ ተደርሶ አጭሩ የደህንነት ገመድ ይሰካል፣ ክብደቱ እሱ ላይ እስኪያርፍ ይወረዳል፣ ሳህኑ ይከፈታል፣ ገመዱ ወጥቶ ቀጣዩ ይገባል፣ ይቆለፋል። ከዚያ በላይኛው ጥምልል ላይ በእግር ቆሞ አጭሩ ይነቀላል። የለመደ ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። 5 ሚሊሜትር የኒዮፕሪን ጓንት ከለበሰ ግን የሳህኑን መክፈቻ ምላስ አያገኘውም። ቀጭን የጎማ ጓንት፣ ከተቻለ የዓሣ ማጥመጃው ዓይነት፣ ሙቀቱ ቢያንስም እጅ አያደነዝዝም። ስድስት ሰው በሚወርድበት ቡድን በእያንዳንዱ ማሰሪያ በነፍስ ወከፍ ሁለት ደቂቃ ቢባክን፣ አምስት ማሰሪያ ላይ አንድ ሰዓት ነው። በበሃ ድንጋይ ውስጥ ዝናብ በስንጥቅና በመስመጃ ቀዳዳ በኩል ያለ ብዙ ማጣሪያ ስለሚገባ፣ ወንዙ በሰዓታት ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ውሃው ከጠራበት ደፍርሶ ቅጠልና አረፋ መጎተት ከጀመረ፣ ያ የባከነ ሰዓት ዋጋ ያወጣል።

ስለ ዕድሜው እንነጋገር። የወንዝ አሸዋ ኳርትዝ አለው፣ ኳርትዝ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል። ጭቃማ ገደል ላይ ሁለት ሳምንት የሠራ ስቶፕ ቦቢኑ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ቦይ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ጠርዙ ስለት ካወጣ የገመዱን ሽፋን ይልጣል። የወንዝ ዋሻ አንድ ደስ የሚል ነገር ውሃው እዚያው መኖሩ ነው። ከእያንዳንዱ ገደል ሥር ዕቃውን ከፍቶ ገንዳው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንቀጥቀጥ የቦቢኑን ዕድሜ ያራዝማል፣ የምላሱንም ስፕሪንግ ከመጣበቅ ያድናል። ገመዱንም ቢሆን አዲሱን ከመቁረጥ በፊት ውሃ ውስጥ አሳድሮ ማድረቅ ነው። የፋብሪካ ቅባቱ ይለቃል፣ የሚያጥረውንም ያህል እዚያው ያጥራል፤ 50 ሜትር ተብሎ የተቆረጠ ገመድ ዋሻ ውስጥ 48 ሆኖ አያሳፍርም።

ከወንድሙ ከሲምፕል ጋር ሲወዳደርስ? ሲምፕል ነካሽ አፍ የለውም፣ ይቀላል፣ አንድ እጅ ነፃ ያደርጋል፣ ጭቃ የሚያጣብቀው ክፍልም የለውም። ብዙ የበሰሉ የዋሻ ሰዎች ፏፏቴ ባለበት የሚመርጡት እሱን ነው፤ እኛም ምርጫችን ወደዚያ ያዘነብላል። ነገር ግን እጁን የሳተ ሰው ላይ ምንም ምሕረት የለውም። ድንጋይ ወድቆ ራሱን ቢስት ሲምፕል አይይዘውም፣ ስቶፕ ግን እየሾለከም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያዘገየዋል። ባለ ዘንጉ መውረጃ ለ100 ሜትር ወጥ ጉድጓድ ይሻላል፤ ሰበቃውን ዘንግ በመጨመርና በመቀነስ ይመጥናሉ። በየአሥር ሜትሩ ማሰሪያ ባለበት ግን እሱን መፍታትና ማስገባት ትዕግሥት ይጨርሳል።

ስለዚህ በገመድ ላይ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው፣ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ገመድ ይዞ፣ ማሰሪያ የበዛበት የወንዝ ዋሻ የሚገባ ከሆነ ስቶፕን ከፍሬይኖ ጋር ይግዛ፤ ሁለቱን አይነጣጥል። 8.5 ገመድ ይዞ ለሚሄድ ቀላል ቡድን፣ ወራጆቹ ሁሉ በሲምፕል የሠለጠኑ ከሆነ፣ ስቶፕ ትርፍ ክብደት ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ቦቢኑን ይይ፣ እጀታውን ጨምቆ ሲለቀው ራሱ መመለሱን ይሞክር፣ የጎኑን ሳህን ሲዘጋ ምላሱ «ቀጭ» ብሎ መግባቱን ይስማ። ድምፁ ካልተሰማ አሸዋ አለበት ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል። አሸዋ ከሆነ በለብ ያለ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይወጣል።