ፒያሳ ያሉት ሂሳብ ሠሪ፦ ከፍቺ በኋላ ግብሬን የሠሩልኝ

ቢሮው ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ነው። ማስታወቂያ የለውም። የእንጨት ደረጃው ሦስተኛው እርከን ላልቷል፣ ስትወጡ ተጠንቀቁ። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ቁጥሩ የተፋቀ ካልኩሌተርና አንድ አዛውንት ታገኛላችሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

መምህር ነኝ። በ2015 መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተፋታን። ግቢያችን በር ላይ ሁለት ሱቆች ነበሩን። ሁለቱም በሱ ስም ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው በወር 4,000 ብር ይከራያሉ። ፍርድ ቤቱ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለእኔ አካፈለን። ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው፣ እሱ በየወሩ 3,000 ብር ቀለብ ይሰጣል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ሰው ጋ ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሱቁ ወደ ስሜ ሲዞር «ያው ሽያጭ ማለት ነው፣ ከጥቅሙ 15 በመቶ ትከፍያለሽ» አለኝ። ቀለቡንም «ገቢ ነው፣ አሳውቂ» አለኝ። ለዚህ ምክር 500 ብር ተቀበለኝ። ያን ሌሊት ስደምር ስቀንስ ነጋ።

ጋሼ ግን የፍርዱን ግልባጭ ተቀብለው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማኅተሙ አነበቡት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብዬ ግድግዳ አየሁ። ከዛ መነጽራቸውን አወለቁ። «15 በመቶ ያለሽ ማነው?»

ከመሳቢያቸው የ2008ቱን የገቢ ግብር አዋጅ አወጡ። ቁጥር 979፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። ባልና ሚስት ሲፋቱ በክፍፍሉ አንዱ ለሌላው የሚያስተላልፈው ንብረት የካፒታል ጥቅም ግብር (ንብረት ሲሸጥ ከትርፉ ላይ የሚከፈለው) አይታሰብበትም። ቀለብም ከግብር ነፃ ነው። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ራሴን አስነበቡኝ።

«ደሞዜስ?» አልኳቸው። ሁለት ልጅ ብቻዬን ስለማሳድግ የሆነ ቅናሽ ይኖራል ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። «መምህርት፣ የእኛ አገር ግብር አገባሽ ፈታሽ፣ ወለድሽ አልወለድሽ አይልም። ደሞዝሽን ብቻ ነው የሚያየው።» እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ እሷም ፈትታለች (እናታችን ምን እንደምትል አትጠይቁኝ)። እዛ ዲሴምበር 31 ላይ ትዳር ውስጥ ነሽ አይደለሽም የሚለው የዓመቱን ግብር ይለውጣል። ልጁን ለግብር ቅናሹ ማን ያስመዝግብ በሚል ከቀድሞ ባሏ ጋር ያልተባባሉት የለም። እኔ ከዛ ጭቅጭቅ ተርፌያለሁ። ቅናሹም ቀርቶብኛል።

ለውጡ ያለው ኪራዩ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጋሼ መስኮቱ ስር ሄደው የአንድ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ሠሩልኝ። ሁለቱ ሱቅ በሱ ስም እያሉ የዓመቱ ኪራይ 96,000 ብር ነው። የሂሳብ መዝገብ ለማይይዝ ሰው ግማሹ ለወጪ ይነሳለታል፣ 48,000 ይቀራል። ገቢ ሲጨምር የግብሩ መቶኛም ስለሚጨምር ግብሩ 5,970 ብር። አሁን የኔ አንድ ሱቅ 48,000 ያስገባል፣ ግማሹ ሲነሳ 24,000፣ ግብሩ 1,890 ብር። የሱም እንደዛው። ሁለቱ ሲደመር 3,780። «አየሽ፣ ስትፋቱ ግብሩ ረከሰላችሁ!» አሉኝ። ከፍርድ ቤት ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ያላሳቀኝም አለ። የቀድሞ ባለቤቴ የ2015ን የኪራይ ግብር አልከፈለም ነበር። ውዝፉ ካልተዘጋ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት) የለም፣ ክሊራንስ ከሌለ ስም አይዞርም። ጋሼ «ይሄ እኮ ንብረት ስትካፈሉ መነሳት ነበረበት» አሉኝ። በኋላ በሽማግሌ ተነጋግረን ለሁለት ከፈልነው። ገና ክርክር ላይ ያላችሁ ካላችሁ ውዝፉን ከሱቁ ጋር አብራችሁ አስቆጥሩ።

አሁን ወደ ጉድለታቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል ተብሎ አራት ተኩል ይመጣሉ። የሚያስፈልገውን ወረቀት ባንድ ጊዜ አይነግሯችሁም። መጀመሪያ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ በሌላ ቀን የኪራይ ውል፣ በሌላ ቀን የፍቺ ምስክር ወረቀት። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አትሂዱ፣ ሰልፉ ደረጃው ላይ ይደርሳል፣ ደረጃውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

የነገርኳችሁ የ2016 ሂሳብ ነው። በ2017 አዋጁ ተሻሽሏል፤ ግብር የማይከፈልበት የወር ደሞዝ ጣሪያ ራሱ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የኔን ቁጥር ገልብጣችሁ እንዳትሄዱ።

የተቀበሉኝ 800 ብር ነው፣ አልቆጨኝም። ደረሰኝ ስጠይቃቸው ግን «ደብተሩ አልቋል» አሉኝ። የግብር ሰው እኮ ናቸው! ዘንድሮም ሄጄ ነበር። ደረጃው አልተሠራም። ደብተሩም አልተገዛም።