ፎርማት ሳላደርግ ወደ ኤስኤስዲ የተሻገርኩበት ቀን

ላፕቶፔ ቲንክፓድ ቲ430 ነው። ሞዴሉ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ያገለገለውን ነው የገዛሁት፤ እጄ ከገባ ሰባት ዓመት አልፎታል። እንደሱ የሚመች ኪቦርድ እስካሁን አላገኘሁም። የስድስት ትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ የምይዘው በሱ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም፣ የደመወዝ ኤክሴሎቹ፣ በፓወር ግዕዝ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው።

በ2017 ግንቦት መጨረሻ ላይ ማሽኑ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጠዋት አብርቼው፣ ልጄን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ላይ አሳፍሬ ስመለስ የዊንዶውስ ክብ ገና እየዞረች አገኛታለሁ። አንድ ቀን በስልኬ ሰዓት ያዝኩበት። ከበራ ጀምሮ ፒችትሪ ተከፍቶ የመጀመሪያዋን ደረሰኝ እስካስገባ ድረስ 11 ደቂቃ ፈጀ። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ዲስክ የሚለው ዓምድ 100% ላይ ቀልቶ ቆሟል። ፕሮሰሰሩ ግን 10% እንኳ አልሞላም። ሰኔ 30 ደግሞ እየመጣ ነው። ሂሳብ የሚዘጋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ማሽኑን ከፍቶ እንኳ አላየም። «ቫይረስ ነው። ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶው እንጭንልሻለን» አለኝ ልጁ።

«ዳታዬስ?» አልኩት።

«ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

የኔ ፒችትሪ ግን ዳታውን የሚያስቀምጠው ፎርማት በሚደረገው በሲ ላይ ነው። ምን እንደምሠራበት ስላልጠየቀኝ ይህን ሊያውቅ አይችልም። እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ የስድስት ድርጅት ዓመት ሙሉ ሥራ ከነደሞዙ ይጠፋ ነበር። ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ወጣሁ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። የሰው ማሽን ላይ ያለው ነገር የሰው እንጀራ ነው። ከመንካቱ በፊት መጠየቅ የማንም ባለሙያ ግዴታ ነው።

ዳታው ባክአፕ ቢኖረው እንኳ ለእኔ ፎርማት ማለት ቀላል አይደለም። ፒችትሪን ኩባንያው በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ቀይሮታል። የኔው ከዚያ በፊት የነበረው ነው። እንደገና ለመጫን ሲዲው ያስፈልጋል፣ የምዝገባ ቁጥሩ ያስፈልጋል፣ ከሥር የሚሠራው ፐርቬሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ እሺ ብሎ መነሳት አለበት። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሁሉም ነገር ባለበት ሁኔታ፣ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙ ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ዲስክ ይሻገርልኝ።

ሁለተኛው ሱቅ መገናኛ ነው። አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ። በሩ ላይ «የላፕቶፕ ጥገናና ሽያጭ» ከሚል ጽሑፍ ሌላ ስም የለውም። ውስጡ ጠባብ ነው። ልጁ ቢበዛ 27 ቢሆነው ነው። ማሽኑን አብርቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ጤናማ ዲስክ እዚያ ላይ ሰማያዊ ነው የሚያሳየው። የኔው ቢጫ ሆኖ ወጣ።

«እህቴ፣ ቫይረስ አይደለም። ዲስኩ እየደከመ ነው» አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «እዚህ ላይ ካለው ውስጥ ብትጠፋ የምታስለቅስሽ ፋይል የትኛዋ ናት?»

ስድስቱን ድርጅቶች ነገርኩት። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዱን የፒችትሪ ባክአፕ እኔው እንዳወጣ አደረገኝ። ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። «ፍላሹን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፤ እኔ ጋ አይቀመጥም» አለኝ። ሥራውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ለምን እንደዘገየ ሲያስረዳኝ በጣም ነው የገባኝ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የኔው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። መረጃው ያለበት ቦታ ዞሮ እስኪመጣ የምታነበው ራስ ትጠብቃለች፤ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሄድም ሌላ ጊዜ ይፈጅባታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል። ለእያንዳንዷ ይህ ጥበቃ አለ። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። ቺፕ ነው። ጥበቃው ከአንድ ሚሊሰከንድም እጅግ ያነሰ ነው። በታክሲ ሲንገጫገጭ የሚጋጭ ራስም የለውም። እኔ ደግሞ ላፕቶፔን ተሸክሜ ከደንበኛ ደንበኛ የምዞረው በታክሲ ነው።

ከዚያ ዲስክ መምረጥ መጣ። መስታወቱ ውስጥ ረከስ ያለ ባለ 480 ጊጋባይት ነበር። እሱን ልገዛ ስል ልጁ ራሱ ከለከለኝ። የድሮው ዲስኬ 500 ነው። ክሎን የሚያደርግበት፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላው የሚገለብጥበት፣ ክሎንዚላ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሚቀበለው ዲስክ ከሚሰጠው እኩል ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋል። ባለ 480 ከሆነ መጀመሪያ ሲ ድራይቭን ማሳነስ ግድ ነው። በደከመ ዲስክ ላይ ያንን መሞከር ደግሞ አደጋ አለው። ስለዚህ ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ ባለ 500 ወሰድኩ። (ዊንዶውስ ላይ 465 ብሎ ቢያሳይሽ የተሰረቅሽ እንዳይመስልሽ። አምራቹና ዊንዶውስ ጊጋባይትን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው፤ የድሮውም 465 ነበር የሚለው።) ገበያው ውስጥ አስመስለው የሚሠሩ ዲስኮች ስላሉ የካርቶኑንና የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር አስተያየኝ። በኋላም ማጂሺያን የሚባለውን የሳምሰንግ ፕሮግራም ከፍቶ ትክክለኛ መሆኑን አሳየኝ።

ዲስኩ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። ለእጅ ሥራው 800 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ጠየቅኩ፣ ሳያንገራግር ቆረጠልኝ።

ቲንክፓዱን ገልብጦ አንዲት ብሎን ፈታ። ዲስኩን እንደ መሳቢያ ስቦ አወጣው። በሁለት ጎኑ ያለውን ጥቁር ጎማ ከድሮው አውልቆ ለአዲሱ አለበሰው። ከዚያ ሁለቱንም ዲስኮች ከራሱ ዴስክቶፕ ጋር አገናኛቸው። የክሎንዚላ ጥቁር ስክሪን መጣ።

እዚህ ላይ ልቆይ። ፕሮግራሙ የትኛው ዲስክ ሰጪ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ይጠይቃል። ብትገለብጪው ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ይገለበጣል፤ ሁሉም ነገር ያልቃል። ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ መጠናቸው አንድ ነው፣ በመጠን አይለዩም። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «አንቺ የድሮውን ሲሪያል አንብቢልኝ» አለኝ። ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንድ በአንድ አነበብኩለት። እሱ ስክሪኑ ላይ በጣቱ እየተከተለ አረጋገጠ። ከዚያ ተለዋወጥን፣ እሱ አነበበ፣ እኔ ስክሪኑን አየሁ። ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ሁለቴም ቀና ብሎ አየኝና ነው የተጫነው። በሕይወቴ የባንክ ቼክ ሲፈረም እንኳ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አላየሁም።

ሥራው ከተጀመረ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መብራት ጠፋ። ልቤ ቆመ። ዩፒኤሱ ጲጵ እያለ ያዘው። የሕንፃው ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ የስክሪኑ መስመር ሳይቆም ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ይህን ሥራ ቤትሽ ልትሠሪው ካሰብሽ በላፕቶፑ ሙሉ ባትሪ ወይም በዩፒኤስ ሥሪው።

የድሮው ዲስክ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ስለነበሩ አንዴ ቆሞ ነበር። የማይነበበውን እያለፈ እንዲቀጥል በሚያደርገው ምርጫ እንደገና አስጀመረው። ሁለት ሰዓት ይበቃል የተባለው አምስት ሰዓት ሆነ። ከሱቁ ቅር ያለኝ ይኼ ነው። ዲስኩ ቢጫ መሆኑን ካየ በኋላ እንደሚዘገይ ሊነግረኝ ይችል ነበር። መቀመጫም የለም፤ የቆየሁት ኮሪደሩ ላይ ነው።

ሲያልቅ የድሮውን ዲስክ ነቅሎ፣ አዲሱን ብቻ ላፕቶፑ ውስጥ ከትቶ አበራው። ሁለቱ መንታ ዲስኮች አንድ ላይ ተሰክተው ዊንዶውስ መነሳት የለበትም፣ ይምታታበታል። ሰዓቴን ይዤ ነበር። በ22 ሰከንድ የልጄ ፎቶ ያለበት ዴስክቶፕ መጣ። አይኮኖቹ እንኳ ቦታቸውን አልለቀቁም። ፒችትሪን ነካሁት። ምንም ቁጥር ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። ስድስቱም ድርጅቶች አሉ። የግንቦትን የሂሳብ ሚዛን አወጣሁ፣ ከታተመው ጋር እስከ ሳንቲሙ አስተያየሁት። ልክ ነው። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

የጠፋ ነገር ካለ ከአንድ የድሮ የሠርግ አልበም ውስጥ ሁለት ፎቶ አልከፈት ብሏል። እነሱም እህቴ ስልክ ላይ ተገኙ።

አሁን አምስት ወር ሆነው። ከማብሪያው እስከ መጀመሪያዋ ደረሰኝ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ሰኔ 30ን በሰላም ዘጋሁ። ስለ ዕድሜው የሚጨነቁ ስላሉ ላስላው። አምራቹ ለዚህ ዲስክ የሚሰጠው ዋስትና አምስት ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። በቀን 20 ጊጋባይት ብጽፍበት 15,000 ቀን ይፈጃል። ወደ 41 ዓመት ነው። ሱቁ ራሱ ግን የሰጠኝ ዋስትና የስድስት ወር ብቻ ነው።

ኤስኤስዲ የማይፈታው ነገርም አለ። ባትሪዬ ያው አንድ ሰዓት ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ የኔ ማሽን ፕሮሰሰር በዊንዶውስ 11 መስፈርት ውስጥ አይገባም። ልጁ ይህን ገና ዲስኩን ሳልገዛ ነግሮኛል። ለአንድ ዓመት የሚቀጥለውን የደህንነት ማሻሻያ ተመዝግቤ እየሠራሁ ነው። ሌላው፣ ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይልን መልሶ ማግኘት ከድሮው ዲስክ ይልቅ ይከብዳል፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሳይንቋቋ በድንገት ነው። ስለዚህ በየዓርቡ ባክአፕ አወጣለሁ።

የድሮውን ዲስክ ሳልጠይቀው በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ቀኑን ጽፎበት በእጄ ሰጥቶኛል። ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ባል ይዤው ሄድኩ። የሱም ማሽን ዘገየ ብሎ ኤስኤስዲ ሊገዛ ገንዘቡን ቆጥሮ ነው የመጣው። ልጁ የኋላ ክዳኑን ከፈተና «ወንድሜ፣ ያንተ እኮ ኤስኤስዲ አለው። የሚያንሰው ራም ነው» አለው። አራት ጊጋ ጨምሮለት፣ ዲስክ ሳይሸጥለት ሸኘው።