«ለአሮጌ መኪና ወፍራም ዘይት» ሲሏችሁ መጀመሪያ የጀሪካኑን ጀርባ አንብቡ

የ2007 ሞዴል ያሪስ አለችኝ። ዘይት ልቀይር አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሞዴሏን ሲሰማ «እሷማ አርጅታለች፣ 20ደብሊው-50 ነው የሚሆናት፣ ዘይትም አትበላም» አለኝ። ጀሪካኑ ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ላይ «ሱፐር» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ዋጋው ከሌላ ቦታ በ1,000 ብር ይቀንሳል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በሚቀጥለውም ቅያሪ እዚያው ተመለስኩ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ታክ ታክ ታክ ማለት ጀመረች። የሞተር መብራት በራ። መካኒኬ የሞተሩን የላይኛ ክዳን ፈትቶ ሲያሳየኝ ደነገጥኩ። ውስጡ የቀለጠ ጎማ የመሰለ ጥቁር ነገር ለጥፎበታል። ቪቪቲአይ የሚባለው የቫልቭ መቆጣጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍባት ትንሽ ወንፊት ተደፍናለች። ለማሳጠብና ለዕቃ ያወጣሁት፣ አተረፍኩ ካልኩት 2,000 ብር ጋር አይወዳደርም።

ለጭማሪ ያስቀመጥኩትን ትራፊ ዘይት አምጣ አለኝና ጀሪካኑን ገልብጦ አነበበልኝ። «ኤፒአይ ኤስኤፍ» ይላል፤ ኤፒአይ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ነው። ይህ ደረጃ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1988 ለተሠሩ የቤንዚን መኪኖች የወጣ ነው። የኔዋ ከዚያ በ19 ዓመት ታንሳለች!

እባካችሁ ከኤፒአይ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ፊደላት እዩ። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው። ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የመጡ ናቸው። አዲሱ ለቀድሞዎቹ ይሆናል፣ የድሮው ግን ለአዲሱ አይሆንም። በሲ የሚጀምረው የናፍጣ ነው።

እንደ 20ደብሊው-50 ያለው ቁጥርም ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋላው ሞተር ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይነግራል። በኅዳርና ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት 20ደብሊው ወደ ሞተሩ የላይኛ ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፤ ብረት ከብረት የሚፋተገው ደግሞ ያኔ ነው። ሞተር ዘይት የሚበላው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ከሆነ ወፍራም ዘይት ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። ማንዋላችሁ በጃፓንኛ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ያው ነው፣ የኔው 5ደብሊው-30 ይላል። በብዙ ቶዮታዎች የዘይት መሙያው ክዳን ላይም ተጽፏል።

ሌላም አለ። ማሸጊያው ፊታችሁ ይከፈት። ባዶውንም ትታችሁ አትሂዱ። እዚያ ሱቅ ባዶ ጀሪካኖች ክዳናቸው እንኳ ሳይጠፋ ጥግ ላይ በሥርዓት ተደርድረው አይቻለሁ። እንዲህ ተጠብቆ የተቀመጠ ዕቃ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። እኔ አሁን ዘይቱ ተቀድቶ እንዳለቀ እዚያው ጀሪካኑን በሚስማር እበሳዋለሁ።